ሆፐሩ ሙሉ ሆኖ ኳሱ ለምን አይወርድም? የፔይንትቦል ማርከር መጋቢን የሽቦ ብልሽት ፈልጎ ስለማግኘት

ፔይንትቦል፣ ማለትም ቀለም የያዙ ኳሶችን በአየር ግፊት እየተኮሱ የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ ሲጫወት የቆየ ሰው ይህን ሁኔታ ያውቀዋል። ሆፐሩ፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የሚያቀብለው መጋቢ፣ በኳስ ተሞልቷል፣ የአየር ጠርሙሱም ሙሉ ነው፤ ማርከሩ፣ ማለትም መተኮሻው መሣሪያ፣ ግን አራት አምስት ኳስ ከተኮሰ በኋላ ባዶ አየር ብቻ ይተፋል። ተጫዋቹ ሆፐሩን በመዳፉ መታ ሲያደርገው ሁለት ሦስት ኳስ ይወርዳል፤ ከዚያ መልሶ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ፣ ማለትም ሆፐሩን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድምና ወይ አዲስ ቦርድ ያዝዛል፣ ወይ ሙሉውን ሆፐር ይጥላል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ችኮላ ነው። ቦርድ የሚቃጠልበት ጊዜ መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ እኔ ከፍቼ ባየኋቸው ሆፐሮች ጥፋቱ በአብዛኛው የተገኘው ኮረንቲው ከባትሪው ተነሥቶ ሞተሩ ዘንድ እስኪደርስ በሚሄድበት መንገድ ላይ፣ ማለትም በሽቦው፣ በማገናኛው፣ በባትሪ ቤቱ ሞላ ወይም በማብሪያው ላይ ነው። ይህን መንገድ መፈተሽ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ተራ ቴስተር፣ አንድ ካቻቢቴና ትዕግሥት ይበቃል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት መጋቢው መጀመሪያውኑ ኤሌክትሪክ ለምን እንዳስፈለገው ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የፔይንትቦል ጨዋታ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሄኒከር በምትባል ከተማ በ12 ሰዎች መካከል ሲካሄድ፣ መሣሪያው ዛፍና ከብት ላይ ምልክት ለማድረግ የተሠራ የቀለም ሽጉጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ መቀባበል ስለሚያስፈልገው ኳስ የማቀበሉ ነገር አያስጨንቅም ነበር። በኋላ ራሳቸው እየተቀባበሉ የሚተኩሱ ማርከሮች ሲመጡ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽም አየር የሚለቀውን ቫልቭ በኤሌክትሪክ የሚከፍቱት ሲከተሉ ግን ፍጥነቱ ጨመረና የመሬት ስበት ብቻውን አልበቃ አለ። በሰፊው የሚሠራበት ኳስ ውፍረቱ 17.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ኳስ ከቆመበት ተነሥቶ የራሱን ውፍረት ያህል ለመውደቅ፣ ምንም የሚይዘው ነገር ሳይኖር እንኳ፣ 60 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በሴኮንድ 10 ጊዜ በሚተኩስ ማርከር ከአንዱ ተኩስ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ 100 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ ቦልቱ፣ ማለትም ኳሱን ወደ አፈ ሙዙ የሚገፋው ክፍል፣ ወደ ፊት ሄዶ እስኪመለስ የሚወስደው ይቀነሳል። ኳሶቹ በሆፐሩ አንገት ላይ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ድልድይ ቅስት ከቆሙ ደግሞ አንድም አይወርድም። ስለዚህ መጀመሪያ ኳሱን የሚያማስል፣ በኋላም እየገፋ የሚያቀብል ሞተር ተጨመረ፤ ሞተሩን ተከትሎ ባትሪ፣ ማብሪያ፣ ቦርድ፣ ሴንሰርና እነዚህን ሁሉ የሚያያይዙ ቀጫጭን ሽቦዎች መጡ።

በአንድ ሆፐር ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች በሁለት መንገድ ከፍሎ ማየት ፍለጋውን ያቀለዋል። የመጀመሪያው የጉልበት መንገድ ነው፦ ኮረንቲው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ይነሣል፣ በሞላው ወይም በብረት ምላሱ አልፎ ወደ ቀዩ ሽቦ ይገባል፣ በቦርዱ ላይ ተሻግሮ ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩን ከሚከፍትና ከሚዘጋ ትንሽ ትራንዚስተር ጋር ተገናኝቶ በጥቁሩ ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። ሁለተኛው የመልእክት መንገድ ነው፤ ሴንሰሩ «ኳስ አለ» ወይም «ኳስ የለም» የሚለውን ለቦርዱ የሚያሳውቅበት ሲሆን፣ የሚያልፍበት ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ነው። በጉልበት መንገድ ላይ ያለ ጥፋት ሞተሩን ያደክመዋል ወይም ቦርዱን በመሀል ያጠፋዋል። በመልእክት መንገድ ላይ ያለ ጥፋት ግን ሞተሩን ጤነኛ አድርጎ ትእዛዙን ያዛባዋል፤ ሞተሩ መዞር ሲገባው ይቆማል፣ መቆም ሲገባው ይዞራል። ማብሪያው እንደ ሆፐሩ ዓይነት ከሁለቱ በአንዱ ላይ ይሆናል፤ በአሮጌዎቹ ኮረንቲውን ራሱ የሚቆርጥ ሲሆን፣ በብዙዎቹ አዳዲሶች ግን ቁልፉ ለቦርዱ ምልክት ብቻ ይሰጣል።

ካቻቢቴ ከማንሣታችን በፊት የማይዘለል ነገር አለ። በጨዋታ ሜዳዎች የሚፈቀደው የኳስ ፍጥነት ጣሪያ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ፍጥነት የሚመጣ ኳስ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የአፈ ሙዙ መሸፈኛ ይደረጋል፣ የዓይን መከላከያ ጭምብል ይጠለቃል፣ የአየር ጠርሙሱ ይፈታል፤ ከዚያም በውስጥ የቀረው አየር ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ተተኩሶ ይወጣል። ጠርሙሱ ከተፈታ በኋላም በማርከሩ ውስጥ አንድ ኳስና ለአንድ ተኩስ የሚበቃ አየር ሊቀር ስለሚችል ይህን መርሳት አይገባም። ሆፐሩ ከማርከሩ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥና ኳሱ ሁሉ ሲወጣ ነው ሥራው የሚጀመረው። ክዳኑ እንደተከፈተም፣ አንዲት ሽቦ ሳትነካ፣ ውስጡን በስልክ ከሁለት ሦስት አቅጣጫ ፎቶ ማንሣት በኋላ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ፍለጋው ከባትሪ ይጀምራል፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ነው። በአገራችን የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ መልሶ መክተት የቆየ ልማድ ነው። ሬዲዮው እንደገና ይናገራል፣ ሰውም ድንጋዩ ነፍስ ዘራ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ድምፁ እየሰለለ ይጠፋል። የደከመ ባትሪ ሲያርፍና ሲሞቅ ቮልቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሥራ ሲሰጠው ግን ወዲያው ይወድቃል። ቴስተር ደግሞ ከባትሪው የሚወስደው ኮረንቲ ከምንም የማይቆጠር በመሆኑ፣ ከሆፐሩ አውጥተው በባዶው ሲለኩት የደከመውም ድንጋይ 1.4 ወይም 1.5 ቮልት አሳይቶ «ደኅና ነኝ» ይላል። ስለዚህ ባትሪ የሚለካው በቤቱ ውስጥ እንዳለ፣ ሞተሩም እየዞረ ነው። ሃሎ ቢ የተባለው የታወቀ ሆፐር በ6 ደብል ኤ ድንጋይ ስለሚሠራ በአዲስ ባትሪ 9 ቮልት ይኖረዋል፤ ዳይ ሮተር የተባለው ሌላ ሆፐር በ3 ስለሚሠራ 4.5 ቮልት ነው። ሞተሩ ሲነሣ ጥቂት መውረዱ ጤና ነው፤ ከአጠቃላዩ ሩቡን ያህል ከወረደ ግን ባትሪው ወይ አልቋል፣ ወይ ለዚህ ሥራ የማይመጥን ርካሽ የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ነው፤ አልካላይን መሆን አለበት። አራት ማዕዘኗን ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚጠቀሙ አሮጌ ሆፐሮች ላይ ይህ ድክመት ይበልጥ ይታያል፤ በዚያች ባትሪ ውስጥ ስድስት ትንንሽ ሴሎች ስለተጨመቁ ለሞተር የሚበቃ ኮረንቲ መስጠት ያስቸግራታል።

ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ወደ ዋናው ነገር እንገባለን። በእጅ የሚያዝ የባትሪ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል በመዳፍ መትቶ ያላበራ ሰው ያለ አይመስለኝም። መብራቱን ያበራው ዱላው ሳይሆን፣ በዱላው ምክንያት የላላው ብረት ከብረት ጋር መልሶ መገናኘቱ ነው። ሆፐሩም ሲመቱት የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱን ራሱ እየተናገረ ነው ማለት ይቻላል፤ የተቃጠለ ቦርድ በጥፊ አይድንምና። አንድ መገናኛ ሲላላ፣ ሲዝግ ወይም ሲቆሽሽ ኮረንቲን የማገድ ጠባይ፣ ማለትም ሬዚስታንስ፣ ያበጃል። መጠኑ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ኦም እንበል። ሞተሩ በነፃ ሲዞር 1 አምፔር የሚወስድ ከሆነ፣ በኦም ሕግ መሠረት በዚያች መገናኛ ላይ 0.5 ቮልት ይባክናል፤ ሆፐሩም ትንሽ ዘገም ይላል እንጂ ይሠራል። ሞተሩ ከቆመበት ሲነሣ ወይም የኳሱ ክምር ሲከብደው ግን የሚወስደው ኮረንቲ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ 3 አምፔር ከደረሰ የሚባክነው 1.5 ቮልት ይሆናል። ከ4.5 ቮልት ላይ 1.5 ሲነሣ ለቦርዱ የሚተርፈው 3 ቮልት ብቻ ነው፤ በቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ከተወሰነ ቮልት በታች ሲወርድበት ራሱን ያጠፋና መልሶ ይነሣል። በዚህ ምክንያት ነው መብራቱ ሞተሩ ሊነሣ ሲል ጠፍቶ የሚበራው፣ ሆፐሩም ገና እንደተከፈተ ያህል እንደ አዲስ የሚጀምረው። ይህን ምልክት ያየ ሰው ቦርድ ከማዘዙ በፊት ሽቦውን ይመልከት።

የባከነውን ቮልት በቀጥታ ለክቶ የጥፋቱን ቦታ ማግኘት ይቻላል፤ በዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ የምተማመንበትም ዘዴ ይህ ነው። ቴስተሩ በቀጥተኛ ኮረንቲ ቮልት ላይ ይደረጋል፣ ቀዩ ጫፍ የባትሪውን ፖዘቲቭ ራሱን፣ ጥቁሩ ጫፍ ደግሞ ቀዩ ሽቦ ቦርዱ ላይ የተበየደበትን ነጥብ ይነካል፤ ከዚያ ሞተሩ እንዲዞር ይደረጋል። በመሀል ያለው መንገድ ጤነኛ ከሆነ ቴስተሩ ከ0.1 ቮልት በታች ያሳያል። ከዚያ በላይ፣ ለምሳሌ 0.6 ቮልት ካሳየ፣ ጥፋቱ በእነዚያ ሁለት ነጥቦች መካከል ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መንገዱን ለሁለት እየከፈሉ መሄድ ነው፤ ጥቁሩን ጫፍ ከቦርዱ አንሥቶ ወደ ባትሪው ጠጋ ወዳለ ነጥብ፣ ለምሳሌ ሽቦው ከባትሪ ቤቱ ምላስ ጋር ወደተያያዘበት ቦታ ማምጣት ነው። 0.6 የነበረው ቁጥር እዚህም 0.6 ከሆነ ጥፋቱ ባትሪው ከምላሱ ጋር በሚነካካበት ቦታ ነው፤ ወደ ዜሮ ከወረደ ግን ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ባለው ሽቦ ላይ ነው። የጥቁሩ ሽቦ መንገድም በዚሁ አኳኋን መለካት አለበት፤ ሰው ሁሉ ቀዩን ይጠረጥራል እንጂ ኮረንቲው በጥቁሩም ያንኑ ያህል ያልፋል። ሞተሩን ለማክበድ የሚሽከረከረውን ክፍል በጣት ለስለስ አድርጎ ያዝ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ከሁለትና ከሦስት ሴኮንድ መብለጥ የለበትም፣ የታሰረ ሞተርም ሆነ ትራንዚስተሩ ቶሎ ይግላልና።

ቴስተርን ጩኸት ላይ አድርጎ የሽቦውን ሁለት ጫፍ መንካት የለመድን ሰዎች «ይጮኻልና ደኅና ነው» ማለት ይቀናናል። ይህ ፈተና ምን ያህል እንደሚያታልል ያየሁበትን አንድ አጋጣሚ ላንሣ። ቨርጂኒያ የሚኖር የጓደኛዬ ልጅ ሆፐሩን ይዞልኝ መጣና «ጋሼ፣ ሁሉንም ሽቦ ለክቻለሁ፣ ሁሉም ይጮኻል፤ ቦርዱ ነው መሰለኝ» አለኝ። ልኬቱን በትክክል ነበር ያደረገው፤ እኔም ስሞክረው ሁሉም ሽቦ ጮኸ። ሞተሩ እየዞረ በቀዩ ሽቦ ሁለት ጫፎች ላይ ስለካ ግን 0.9 ቮልት አገኘሁ። ሽቦው ስድስት ሴንቲሜትር የማይሞላ ሲሆን፣ የሆፐሩ ሁለት ቅርፊቶች በሚገጠሙበት ጠርዝ ላይ ተጣጥፎ ያልፋል። ላስቲኩ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። በጣቴ ጫፍ እየዳበስኩ ስሄድ ግን አንድ ቦታ ላይ እንደ ክር ልል ሆኖ እጥፍ አለልኝ። ላስቲኩን በምላጭ ስሰነጥቀው በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ሁሉም ተበጥሰው፣ ጫፎቻቸው ጠቁረው፣ በላስቲኩ ብቻ ተይዘው እርስ በርስ ይነካካሉ። ብዙ ቴስተሮች በሁለቱ ጫፎች መካከል አሥርና ሃያ ኦም ቢኖርም ይጮኻሉ፤ የሚያሳልፉት ኮረንቲ ደግሞ ከአንድ አምፔር ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ በመሆኑ የተነካካ ጫፍ ይበቃቸዋል። ሞተር ግን በተነካካ ጫፍ በሙሉ ጉልበቱ አይዞርም። ሽቦውን ስለውጠው የሚባክነው ቮልት ወደ 0.04 ወረደ፤ ልጁም ሊገዛው የነበረውን ቦርድ ተወው።

በቀዩም በጥቁሩም ሽቦ ላይ የሚባክን ከሌለ ወደ ሞተሩ እንሄዳለን። ቦርዱ «ዙር» ባለበት ሰዓት በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል ያለው ቮልት ይለካል። ሙሉ ቮልት እየደረሰው ካልዞረ ጥፋቱ የሞተሩ ነው፤ ወይ ብራሹ፣ ማለትም ለሚዞረው ክፍል ኮረንቲ የሚያቀብለው፣ አልቋል፣ ወይ የፈነዳ ኳስ ቀለም ጥርሱን ይዞታል፣ ወይ እርጥበት የጠጣ ኳስ አብጦ ተቀርቅሯል። የኳሱ ቅርፊት የተሠራው ከጄላቲን ስለሆነ በዝናባማ ቀን ማበጡ የተለመደ ነውና፣ ሽቦ ከመጠርጠር በፊት ኳሱን በጣት መካከል አዙሮ ክብ መሆኑን ማየት ተገቢ ነው። ምንም ቮልት የማይደርሰው ከሆነ ደግሞ ወይ ትራንዚስተሩ አልተከፈተም፣ ወይ ትእዛዙ ራሱ አልመጣም። ለማረጋገጥ የሞተሩን ሁለት ሽቦ ከቦርዱ ፈትቶ ከሌላ ባትሪ ጋር ለአፍታ ማገናኘት ነው፤ ከዞረ ሞተሩ ነፃ ወጣ። ሲመለስ ግን ቀዩና ጥቁሩ ከተቀያየሩ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ድምፁ ያው ነው፣ ጉልበቱም ያው ነው፣ ኳሱ ግን አይወርድም። «ከጠገንኩት በኋላ ነው የባሰበት» ከሚሉ ሰዎች ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የተነሣው ፎቶ እዚህ ላይ ይፈለጋል። በሞተሩ እግሮች ላይ የተበየደች ምስር የምታህል ካፓሲተር ካለችም ተነቅላ መጣል የለባትም፤ ብራሹ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ረብሻ የምትውጥ እሷ ናት፤ ስትጠፋ ረብሻው በሴንሰሩ ሽቦ ገብቶ ቦርዱን ሊያወናብድ ይችላል።

አሁን ወደ መልእክቱ መንገድ እንምጣ። ቪው ሎደር ሬቮሉሽን በተባለው ሆፐርና የእሱን መንገድ በተከተሉት ላይ በአንገቱ አንድ ጎን ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን የማያየው ብርሃን፣ የምትልክ ትንሽ አምፖል፣ በሌላው ጎን ደግሞ ያንን ብርሃን የምትቀበል ዓይን አለች። ብርሃኑ ከደረሰ «በመሀል ኳስ የለም» ማለት ነውና ሞተሩ ይዞራል፤ ብርሃኑ ከተጋረደ «ኳስ አለ» ማለት ነውና ይቆማል። ይህን ሥርዓት ልብ ያለ ሰው ክዳኑን ሳይከፍት ብዙ ነገር ሊገምት ይችላል። የላኪዋ አምፖል ሽቦ ቢበጠስ፣ ወይም የተቀባይዋ ሽቦ ቢበጠስ፣ ወይም ቀለም ቢጋርዳቸው፣ ቦርዱ የሚያየው ጨለማ ነው፤ ጨለማን ደግሞ እንደ ኳስ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሆፐሩ ይበራል፣ ሞተሩ ግን ባዶ ሆኖም አይዞርም። የተቀባይዋ ሁለት ሽቦዎች ላስቲካቸው ተልጦ ሾርት ካደረጉ ግን ቦርዱ ሁልጊዜ ብርሃን ያየ ይመስለዋል፤ ሞተሩም ኳስ ሞልቶ እያለ ያለማቋረጥ ይዞራል። ክዳኑ ተከፍቶ ኃይለኛ ፀሐይ በቀጥታ ተቀባይዋ ላይ ሲያርፍም ይኸው ይሆናል፤ ፀሐይ ራሷ ኢንፍራሬድ አላትና። በዚህ ምክንያት የሴንሰር ፈተና በጥላ ሥር ይሁን።

ላኪዋ አምፖል መሥራት አለመሥራቷን በስልክ ካሜራ ማየት ይቻላል። ብዙ ካሜራዎች ዓይናችን የማያየውን ይህን ብርሃን እንደ ደብዛዛ ሐምራዊ ነጥብ ያሳዩታል። የአንዳንድ ስልክ የኋላ ካሜራ ግን ይህን ብርሃን የሚያጣራ መስታወት ስላለው፣ መጀመሪያ የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ካሜራው አዙሮ መጫንና በየትኛው ካሜራ እንደሚታይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የፊት ለፊቱ ካሜራ ብዙ ጊዜ ያሳያል። ሪሞቱ ታይቶ የሆፐሩ አምፖል ካልታየች ወይ ቮልት አልደረሳትም፣ ወይ እግሯ ተገልብጦ ተበይዷል፣ ወይ ሞታለች። አንዳንድ ሆፐር ባትሪ ለመቆጠብ አምፖሏን የሚያበራት በየአፍታው ብልጭ እያደረገ ስለሆነ፣ ጥቂት ሴኮንድ ታግሦ መመልከት ይገባል። ምልክቱ ከታየ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ቆሻሻ ነው። በኳሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዋናነት ፖሊኢትሊን ግላይኮል ሲሆን በውኃ ይሟሟል፤ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይጠረጋል፣ ከዚያም ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ደረቅ ማድረግ ነው። ይህ ፈሳሽ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው በቦርድ ላይ ሳይጠረግ ከቀረ በእግሮች መካከል ኮረንቲ ቀስ ብሎ እንዲያመልጥ ያደርጋል፤ ሆፐሩ በደረቅ ቀን እየሠራ በእርጥብ ቀን የሚያስቸግር ከሆነ እንዲህ ያለ ቅሪት ይፈለግ።

በአንገቱ ዓይን የሌላቸው መጋቢዎችም አሉ። አንዳንዶቹ የተኩሱን ድምፅ በትንሽ ማይክሮፎን ሰምተው ይነሣሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በማርከሩ ቦርድና በሆፐሩ መካከል በተዘረጋ ቀጭን ገመድ «አሁን ተኮስኩ» የሚል ምልክት ይቀበላሉ። የመጨረሻው ዓይነት ደካማ ቦታው ገመዱ ከሆፐሩ ጋር የሚገጣጠምበት ሶኬት ነው፤ ሆፐሩ በተነቀለ ቁጥር ይሳባል፣ ይጎብጣል፣ ላብና ቀለም ይገባበታል። ገመዱ ተነቅሎ ሆፐሩ ብቻውን በደንብ ከሠራ፣ ሲሰካ ግን የሚያስቸግር ከሆነ፣ ፍለጋው ከሆፐሩ ወጥቶ ወደ ሶኬቱና ወደ ማርከሩ መሻገር አለበት። ከዚህ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር ደግሞ ማርከሩ ራሱ ኳስ የሚያይበት የራሱ ዓይን ያለው መሆኑ ነው። የእሱ ዓይን ሽቦ ቢበላሽ ማርከሩ ኳስ እያለው «የለኝም» ብሎ አይተኩስም፤ ተጫዋቹም መጋቢውን ይወቅሳል። ብዙ ማርከሮች ዓይናቸውን ማጥፊያ ቁልፍ አላቸው፤ ዓይኑ ጠፍቶ በዝግታ ሲተኮስ ኳሱ በሥርዓት ከወረደ ሆፐሩ ንጹሕ ነው።

ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ ጥገናው እንዳይደገም አድርጎ መሥራት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተበጠሰን ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለዕለቱ ጨዋታ ያደርሳል እንጂ ጥገና አይባልም፤ ማርከር በተተኮሰ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ነው። ባትሪው መጀመሪያ ይወጣል፤ ከዚያ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። አዲሱ ሽቦ አንድ ወጥ ወፍራም መዳብ ያለው ሳይሆን ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ መሆን አለበት፤ አንድ ወጡ ጥቂት ጊዜ ከታጠፈ ይሰበራልና። በካውያ ሲበየድ ሊዱ በክሮቹ መካከል ወደ ላይ እየተሳበ ይወጣል፤ ሊዱ የደረሰበት ሽቦ እንደ ሚስማር ይደርቃል፤ ሽቦውም በኋላ የሚቆረጠው ደረቁ ከለስላሳው በሚገናኝበት በዚያች ድንበር ላይ ነው። ስለዚህ ካውያው ብዙ አይቆይ፣ ሊዱም አይብዛ፤ መበየጃው ቦታ ላይ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይልበስ፣ ሽቦውም ከመበየጃው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ብሎ በትኩስ ማጣበቂያ ከቅርፊቱ ጋር ይያዝ፣ እንቅስቃሴው ብየዳው ዘንድ እንዳይደርስ። ርዝመቱ ሳይወጠር የሚበቃ፣ ሳይንዘላዘልም ከቅርፊቱ ጠርዝ ውስጥ የማይገባ ይሁን።

በባትሪ ቤቱ ምላስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ከተገኘ አልካላይን ባትሪ አፍስሶ ነው። የፈሰሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ስለሆነ ጓንት ማድረግ ይገባል። ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ የነካ ጥጥ ያረክሰዋል፤ ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ እርጥብ ጨርቅ፣ በመጨረሻም በአልኮል ይጠረጋል፤ ሎሚው ራሱ ከቀረ ብረቱን ይበላዋል። ሞላው ጥቁር ሆኖ ከዛገና ጉልበት ካጣ ግን ማጽዳቱ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፤ ይለወጥ። ሆፐሩ ለክረምቱ ሲቀመጥ ባትሪው ቢወጣ ኖሮ ከዚህ ሁሉ አብዛኛው ባልመጣ ነበር።

ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ሆፐሩ በኳስ ተሞልቶ፣ አንገቱ በእጅ መዳፍ ተደፍኖ፣ ከዚያም ኳሱ አንድ በአንድ እየተለቀቀ ይሞከራል፤ በየመሀሉ ሽቦዎቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጎ ማነቃነቅ ነው። ሞተሩ ሳይንተፋተፍ ካቀበለና መብራቱ ካልጠፋ ቅርፊቶቹ ይገጠማሉ፤ ከተገጠሙም በኋላ ይኸው ሙከራ ይደገማል፣ ሽቦ የሚቆነጠጠው በመዝጊያው ሰዓት ነውና። እኔ ደግሞ ሞተሩ ሲዞር ያገኘሁትን የባትሪ ቮልትና በቀዩም በጥቁሩም ሽቦ የባከነውን በትንሽ ወረቀት ላይ ከቀኑ ጋር ጽፌ ከክዳኑ ውስጥ እለጥፈዋለሁ። ሆፐሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያስቸግር እነዚያኑ ነጥቦች መልሼ ለክቼ የትኛው ቁጥር እንደተለወጠ አያለሁ፤ ፍለጋውም ከዚያው ይጀምራል።